ቡፌው እና ያልተከፈተው ደብዳቤ

እስቲ ጠጋ በሉ። ወንበሩ ላይ ያለውን ካፖርት ወደዚያ አንሱትና ተቀመጡ፤ ረጅም ነገር አይደለም። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፣ ስለዚህ አነጋገሬ ቢንጋደድ አትፍረዱብኝ። ያየሁትን እንዳየሁት እነግራችኋለሁ።

ሙሉወርቅ እባላለሁ። እዚህ ሲያትል፣ ማውንት ቤከር የሚባል ሰፈር፣ በወንድሜ ልጅ በይርጉ ቤት ከኖርኩ አሥራ አንድ ዓመት አለፈኝ። እናቱ በልጅነቱ ስለሞተች ያሳደግኩት እኔ ነኝ፤ አድጎ ደግሞ እሱ አመጣኝ። ሚስቱ የኔነሽ ትባላለች። ሁለት ሴቶች ልጆች አሏቸው። ትንሿ ኖላዊት ገና ሃይስኩል ናት። ትልቋ ሰምሃል ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ሆስፒታል ውስጥ የመድኃኒት ባለሙያ ናት፤ ካፒቶል ሂል ብቻዋን ተከራይታ ትኖራለች። ወሬው የእሷ ነው።

አምና በብርዱ ወቅት መኪናዋ ተበላሸባትና በባስ መሄድ ጀመረች። የባሱ ሹፌር ልዑልቃል ይባላል፤ ከአገር ቤት ከመጣ ስድስት ዓመቱ ነው። ዝምተኛ፣ ሸሚዙን ሁልጊዜ የሚተኩስ ልጅ ነው።

«ሦስት ሳምንት ሙሉ በመስታወት ብቻ ነው ያየኝ፣ እማማ» ብላኛለች። «ዞር አይልም። እኔ ስገባ ግን መስታወቱን ያስተካክላል።»

በአራተኛው ሳምንት አንድ ቀን አርፍዳ እየሮጠች ስትመጣ በሩን ከፍቶ ጠበቃት። ተሳፋሪው ማጉረምረም ጀመረ። «ሰው እየጠበቅኩ ነው» አለ ልዑልቃል በአማርኛ፣ ማንም ሳይገባው። እሷም ደረጃው ላይ ቆማ፣ «የምትጠብቀው ሰው መጣ» አለችው። ከዚያ በኋላ መኪናዋ ተሠራ። እሷ ግን በባስ መሄዷን አልተወችም።

በታኅሣሥ ልዑልቃል የላካቸው ሦስት ሽማግሌዎች የይርጉን በር አንኳኩ። ተቀመጡ እስኪባሉ ቆሙ። የኔነሽ ያቀረበችውን አልነኩም፤ ወጉ ነው፣ የተላከበት ጉዳይ መልስ ሳያገኝ ሽማግሌ እህል ውኃ አይቀምስም። ይርጉ «እስቲ እናስብበት» ብሎ ሸኛቸው። በጥር ተመልሰው መጡ። «እስቲ እንመካከር» ብሎ ሸኛቸው። በሩ ሲዘጋ ወደ እኔ ዞረ።

«ሃያ ሁለት ዓመት ታክሲ የነዳሁት ሌላ ሹፌር ቤቴ እንዲገባ ነው? እቴቴ፣ እኔ ልሙት፣ ለሰምሃል እንዳይነግሯት።»

አስማለኝ። እኔም ዝም አልኩ።

አሁን ስህተቱን ስሙ። ልዑልቃልን ሽማግሌዎቹ መክረውታል፤ «ከአባቷ መልስ እስኪመጣ ከልጅቷ ጋር እንዳትንሾካሾክ፣ ነውር ነው» ብለውታል። እሱም ቃል ሰጥቶ ስልኩን አቆመ። እሷ ቴክስት ስታደርግለት የመለሰላት አንዲት መስመር ነች፦ «ትንሽ ጊዜ ስጪኝ።» እንግዲህ አሜሪካ ያደገች ልጅ ይህን ስታነብ ምን እንደሚገባት እናንተም አታጡትም። ተወኝ አለች። ባሱን ትታ በባቡር መሄድ ጀመረች።

በየካቲት፣ ጾም ሳይገባ፣ ይርጉ ሁላችንንም ለአንድ ሳምንት ወደ ካሪቢያን ባሕር ሊወስደን ትኬት ቆረጠ። ከመሄዳችን በፊት ባለው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ሬኒየር መንገድ ላይ የልዑልቃል ባስ ውስጥ ገባሁ። መውረጃዬ ሲደርስ ተነስቶ እጄን ያዘኝ።

«እማማ ሙሉወርቅ፣ አደራ ልስጥዎት?» አለና ፖስታ ዘረጋልኝ። «ለእሷ ነው። ግን መልሱ ከመጣ በኋላ ብቻ ይስጡልኝ። እሺም ይሁን፣ እምቢም ይሁን።»

«ከዚያ በፊትስ ብሰጣት?»

«ከዚያ በፊት ከሆነ በእርስዎ እጅ የሰረቅኳት ይመስለኛል።»

ቦርሳዬ ውስጥ ከመነጽሬ ጋር አስቀመጥኩት። አንድ ወረቀት ነው፤ ግን ቤት እስክደርስ ሁለት ጊዜ ትከሻ ቀየርኩ።

ሪዞርቱ ዶሚኒካን የሚባል አገር ነው። ስንገባ እጃችን ላይ ብርቱካንማ ፕላስቲክ አሰሩልን። እሷን ያሰረ ሰው የፈለገውን፣ በፈለገው ሰዓት፣ የፈለገውን ያህል ይበላል ይጠጣል፤ ማንም አይጠይቀውም። ቡፌው ከቤታችን መንገድ ይረዝማል። ዓሣው፣ ሥጋው፣ ፍራፍሬው ሞልቷል፤ እንቁላል የሚጠብሰው ሰውዬ እንኳ ለብቻው የሚቆምበት ቦታ አለው። የኔነሽ በኪኒን ዕቃ ሚጥሚጣ ይዛ ሄዳ ነበርና በሩዙም በዓሣውም ላይ ትነሰንሳለች። አንዲት አስተናጋጅ «መድኃኒት ነው?» ብላ በምልክት ጠየቀቻት። «አዎ፣ የሆድ» አለቻት የኔነሽ ሆዷን ነካ አድርጋ፣ ሳትስቅ።

ይርጉ በየጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተነስቶ ፎጣ ተሸክሞ ይወርድና ከባሕሩ ዳር አምስት ወንበር ይይዛል። ኤርፖርት የታክሲ ሰልፍ ላይ ያረጀ ሰው ተራ መያዝ አይረሳም። ኖላዊት ከፑሉ አትወጣም። ሰምሃል ግን ሰፊ ባርኔጣ አድርጋ ትቀመጣለች፤ ስልኳን በግንባሩ ትደፋዋለች፣ ትንሽ ቆይታ ታነሳዋለች፣ አይታ መልሳ ትደፋዋለች።

ማክሰኞ ከሰዓት አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«እማማ፣ ቦስተን ልሄድ ነው» አለችኝ።

«ምን አለ ቦስተን?»

«ሥራ ሰጥተውኛል። እስከ ዓርብ እሺ ካላልኩ ለሌላ ሰው ይሰጡታል።»

«ሥራ እኮ አለሽ።»

«ሥራውን ፈልጌ አይደለም።» ባርኔጣዋን ዝቅ አደረገችው። «ሲያትል ባስ ባለፈ ቁጥር አንገቴን አዞራለሁ። ቦስተን ባሱን ማን እንደሚነዳው አላውቅም። ሶ፣ ቀና ብዬ መሄድ እችላለሁ።»

«ልጁ ምን ብሎሽ ነው?»

«ጊዜ ስጪኝ። ዛትስ ኢት። እንደሱ ካሉሽ አልቋል ማለት ነው። አንቺ አታውቂም፣ እማማ።»

አውቅ ነበር። ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር። «እኔ ልሙት» ያለኝን ልጅ ፊት አስታወስኩና እጇን ብቻ ያዝኩት፤ በዚያ ሙቀት እጇ ቀዝቃዛ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ከይርጉ ቀድሜ ባሕሩ ዳር ወረድኩ። ሠራተኞች ሌሊት ማዕበሉ ያወጣውን የባሕር ሣር በመንሽ ይሰበስባሉ። ይርጉ አምስቱን ፎጣ እንዳቀፈ መጣ።

«እቴቴ፣ ምነው በጠዋት? ይቀመጡ እንጂ።»

«አልቀመጥም። ሽማግሌ ሆኜ ነው የመጣሁት።»

ሳቀ። «ሽማግሌ እኮ ወንድ ነው።»

«ጢም እስካበቅል ዓርብ አይጠብቀኝም። ሦስቱን መልሰሃቸዋል፤ አራተኛዋ እኔ ነኝ። ልዑልቃል ልጅህን ይጠይቃል። መልስህ?»

ሳቁን አቆመና አንዱን ፎጣ ወንበር ላይ ዘረጋ። «ከተመለስን በኋላ እንነጋገራለን።»

«ከተመለስን በኋላ ቦስተን ናት።»

«ትሂዳ! ጥሩ ሥራ ነው። እኔ መኪና ውስጥ ቀዝቃዛ ሩዝ እየበላሁ ያስተማርኳት ያንኑ መሪ ለጨበጠ ሰው ነው?»

«አንተ መሪ ጨብጠህ ሳለ የኔነሽን የሰጡህ ምን አይተው ነው?»

ሁለተኛውን ፎጣ ዘረጋ። ሦስተኛውን ዘረጋ።

«እንግዲያው እኔም መልስ ሳላገኝ ከገበታህ እህል አልቀምስም» አልኩት።

«እቴቴ! እዚህ እኮ ሁሉም ተከፍሎበታል!»

«የከፈልክበትን ብላ።»

ኩራቴን ይዤ ወደ ክፍሌ ሄድኩ። ምን ዋጋ አለው፣ ቀን መምረጥ አላወቅኩበትም። ቁርስ ላይ ሳልበላ ብቀመጥ ማንም ልብ አላለኝም። ምሳ ላይም እንደዚያው። የኔነሽ ጭራሽ፣ «እቴቴ ጎበዝ፣ እኔ መንገደኛ ነኝ ብዬ ረቡዕን ዘንግቼ ዶሮ በላሁ» ብላ አመሰገነችኝ። ለካ ሁሉም የጾምኩ መስሎታል። ማታም ደክሞኛል ብዬ ተኛሁ። እንዲህ አድርጌ አንዱን ቀን በከንቱ ጨረስኩት፤ ለዓርብ የቀረው አንድ ቀን ብቻ ሆነ። ሆዴ ከመራቡ ይልቅ ያ ነው ያስጨነቀኝ።

ሐሙስ ምሳ ላይ ግን ነገሩ ታየ። ሽማግሌ አስተናጋጅ ነበር፣ ጸጉሩ እንደ እኔ የነጣ። ባዶ ጠረጴዛዬን አይቶ ሾርባ አመጣልኝ። አልነካሁትም። ሙዝ አመጣ። ዳቦ አመጣ። በመጨረሻ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ በቋንቋው አንድ ነገር አለኝ፤ ባላውቀውም ልመና እንደሆነ ገባኝ።

«እማማ፣ ኢትስ ተርስዴይ» አለች ኖላዊት። «ዛሬ እኮ ሐሙስ ነው። ለምን አትበዪም?»

ሰምሃል ቀና አለች። ከመጣን ጀምሮ ስልኳን ትታ ሰው ስታይ ያን ጊዜ አየኋት።

«የግፊት ኪኒንሽን በባዶ ሆድ ነው የዋጥሽው?»

«በጉንጭ ውኃ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያልበላሽው? ምን ፈልገሽ ነው?»

«የምፈልገውን አባትሽ ያውቃል።»

ሁሉም ወደ ይርጉ ዞሩ። ሳህኑ ላይ ሥጋው ተቆልሏል። ሹካውን አስቀመጠ።

«እስቲ ወደ ውጭ እንውጣ» አለ።

በሣር የተከደነች የባሕር ዳር ጥላ ሥር ተቀመጡ። እኔ ቆምኩ። ይርጉ አሸዋውን እያየ ነበር የሚናገረው።

«ልጁ ሽማግሌ ልኮ ነበር።»

«የትኛው ልጅ?» አለች ሰምሃል።

«ልዑልቃል።»

ባርኔጣዋን አወለቀች። «መቼ?»

«በታኅሣሥ። በጥር ደግሞ ተመለሱ። መልስ እስኪያገኝ እንዳያናግርሽ ነግረውት ነው ዝም ያለሽ።»

«አንተ ይህን ታውቅ ነበር?» ድምፅዋን አላነሳችም፤ ብትጮህ ይሻል ነበር። «ገና ዕለት ኩሽና ውስጥ ሳለቅስ መጥተህ አይተኸኛል። ሽንኩርት ነው ብዬህ ነበር። በእጄ ሽንኩርት አልነበረም፣ ዳዲ።»

«አይቻለሁ።»

«አይተህ ምን አደረግክ?»

«በማግስቱ የመኪናሽን ዘይት ቀየርኩልሽ።»

የኔነሽ ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች። እሷም የምታውቀውን ያህል ታውቅ ነበርና።

«ከእኔ የተሻለ ሰው እንድታገኚ ብዬ ነው» አለ ይርጉ።

«ከአንተ የተሻለ መቼ ፈለግኩ?» አለችው።

ይህን ጊዜ የወንድሜን ልጅ አየሁት። አምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ልጅ ሆኖ ጥፋት ሲገኝበት እንደሚያደርገው አገጩ ተንቀጠቀጠ። ቀና አለና ወደ እኔ ዞረ።

«ይብሉ፣ እቴቴ።»

«ይብሉ ማለትህ እሺ ማለትህ ነው?»

«በእኔ በኩል እሺ ነው። የቀረው የእሷ ነው።»

ያን ጊዜ ተቀመጥኩ። ቦርሳዬን ከፍቼ ፖስታውን አወጣሁና ለሰምሃል ሰጠኋት። «አደራ ነበር። ከመልሱ በኋላ ብቻ ይስጧት ነው ያለኝ።»

ቀደደችው። አየችው፣ ገለበጠችው፣ መልሳ አየችው። ልጆቻችን የታተመውን እንደምንም ይለዩታል፤ የእጅ ጽሑፍ ግን ይምታታባቸዋል። እኔም ብሆን ቶሎ አልችለውም። የኔነሽ ላንብብልሽ ብላ እጇን ዘረጋች። ሰምሃል ወረቀቱን በእናቷ እጅ ላይ አሳልፋ ለአባቷ ሰጠችው።

«አንተ አንብበው። የደበቅከው አንተ ነህ።»

ይርጉ መነጽሩን ከኪሱ ፈልጎ አወጣ። ጠራረገው። እንዲህ እያለ አነበበ፦

«ሰምሃል፣ ይህን ስታነቢ አባትሽ መልስ ሰጥተዋል ማለት ነው። እሺ ብለው ከሆነ ደብዳቤው ትርፍ ነው፣ ሳቂበት። እምቢ ብለው ከሆነ ግን አንድ ነገር እንድታውቂልኝ ነው። ዝም ያልኩሽ ስለተውኩሽ አይደለም። በቤታችሁ በፊት ለፊቱ በር ልገባ ፈልጌ ነው።

«አባትሽ ታክሲ ነድተው እንዳሳደጓችሁ ሰምቻለሁ። ቀኑን ሙሉ የሚነዳ ሰው ምን እያሰበ እንደሚነዳ እኔ አውቃለሁ። የሚያስበው ቤት ያለውን ሰው ነው። ስለዚህ እምቢ ቢሉኝ አልቀየማቸውም። አንቺም እንዳትቀየሚያቸው። ልጅ ቢኖረኝ እኔም በቀላሉ አልሰጥም ነበር።»

እዚህ ላይ ይርጉ ቆመ።

«አለቀ» አለ። «ከዚህ በታች ስሙ ነው ያለው።»

ፀሐዩ ከጀርባው ነበርና ወረቀቱ እንደ መስኮት በርቶ ይታየኝ ነበር። «ከስሙ በላይ ለብቻዋ የተቀመጠች ቃል አለች» አልኩ። «እሷንም አንብባት።»

በቤታችን ያቺ ቃል አትነገርም። ሳንወድ ቀርተን አይደለም። ይርጉ ልጁን ሲወድ የጎማዋን ነፋስ ይለካል፤ ሌሎቻችንም እንዲሁ በየፈርጃችን ነን። ወረቀቱን ከፊቱ ጠጋ አደረገው።

«እወድሻለሁ» ብሎ አነበበ።

ባሕሩ ገብቶ ተመለሰ። ከዚያ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሳ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ፣ «እወድሻለሁ» አለ። ወረቀቱን አጥፎ መለሰላት።

ሰምሃል ተነስታ ወደ ውኃው ጠርዝ ሄደች። እነዚህ ልጆች ስልኩን ከፊታቸው ዘርግተው፣ ድምፁን ከፍተው ነው የሚያወሩት፤ እኛም ፈልገን ሳይሆን ሰማን። ሲያትል ገና ጠዋት ነበር፤ ልዑልቃል የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ዕረፍት ላይ ነበር።

«ለምን አልጠየቅከኝም?» አለችው፣ ሄሎም ሳትል።

«አባትሽን ጠየቅኩ።»

«የምታገባው አባቴን ነው?»

ኖላዊት ሳቀች፤ እናቷ በክርኗ ጎሸመቻት።

«ቃል ሰጥቼ ነበር፣ ሰምሃል።»

«ሁለት ወር! ሁለት ወር ስልኬን ትራሴ ሥር አድርጌ ነው የተኛሁት።»

«እኔስ? አንቺ የምትሳፈሪበት ፌርማታ ላይ ሰው ባይኖርም እቆማለሁ። በር እከፍታለሁ። ሕዝቡ ይሰድበኛል፣ ከዚያ እዘጋለሁ።»

እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ትሳቅ ታልቅስ ከጀርባዋ አልለየሁም።

«ቅዳሜ ማታ እንገባለን» አለችው። «እሑድ ና። ማንንም እንዳትልክ። ራስህ መጥተህ እኔን ጠይቀኝ።»

«ብጠይቅሽ ምን ትያለሽ?»

«መጀመሪያ ጠይቀኛ!»

ስትመለስ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ረጥቦ ነበር። አባቷ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። አላቀፈችውም፣ ገና ቁጣው አልወጣላትም፤ ግን ከሌሎቹ ወንበሮች ያንን መርጣ ነው የተቀመጠችው። ዓርብ ጠዋት ቦስተን «አልመጣም» ብላ ጻፈችላቸው።

ቅዳሜ አውሮፕላን ውስጥ ሰምሃል አጠገቤ እንቅልፍ ወሰዳት። ደብዳቤው ጉልበቷ ላይ ነበር። ቀስ ብዬ አነሳሁትና መነጽሬን አድርጌ አንድ በአንድ፣ እንደ ተማሪ፣ ፊደሉን እየለቀምኩ አነበብኩት። ጊዜ ነበረኝ። መጨረሻው ላይ ስደርስ ደግሜ አየሁ፤ ሦስተኛም አየሁ። ያቺ ቃል ወረቀቱ ላይ የተጻፈችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ወደ ይርጉ ዞር አልኩ። በመተላለፊያው ማዶ ተቀምጦ ልጁ ስትተኛ ያያታል። አየኝ፤ በእጄ ያለውንም አየ። ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ።

ለሰምሃል አልነገርኳትም። እሱ ያልነገራትን እኔ ላወጣበት አይገባኝም፤ አንድ ቀን ራሱ ይነግራት ይሆናል። ግን እኔ ሰባ አራት ዓመቴ ነው፣ ነገር መርሳት ጀምሬያለሁ። ሌላውን ሁሉ ብትረሱት ግድ የለም። እሱም ሳይነግራት፣ እኔም ሳልኖር የቀረሁ እንደሆነ፣ ሁለተኛዋ ቃል የማን እንደነበረች እናንተ አስታውሱልኝ።